ሮጦ የመቀበል ዘመን፦ የነቀምት ጎዳናና የመንገደኛው መስተንግዶ

አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ አጠገብ፣ ፀሐይ በበረታችበት የቀትር ሰዓት፣ በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት እንግዶችን ባየ ጊዜ፣ እስኪደርሱና እስኪጠይቁት ድረስ በተቀመጠበት አልቆየም፤ ተነሥቶ ሊቀበላቸው ሮጠ እንጂ። እንግዳ መቀበል በሁለት ወገን ይከፈላልና፤ አንደኛው በርን ከፍቶ መጠበቅ ነው፣ ሁለተኛው ግን በርን ትቶ ወጥቶ መንገደኛው ካለበት ድረስ መሄድ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ይናገራል፤ ይኸውም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ አልፎ ነቀምት በሚደርሰው፣ ከዚያም ወደ ጊምቢና ወደ ደምቢ ዶሎ በሚዘልቀው ጎዳና ላይ፣ መንገደኛ ከመቀመጫው ሳይነሣ በመኪና መስኮት በኩል የተመገበበትን ዘመን ከመነሻው ጀምሮ ይተርካል።

መኪና ወደ ወለጋ ከመግባቱ አስቀድሞ ነቀምት የሌቃ ገዥዎች መናገሻ፣ የምዕራቡም ንግድ መገናኛ ነበረች። ሞረዳ በከሬ በ1874 ዓ.ም. በራስ ጎበና ዳጬ አማካይነት ለንጉሥ ምኒልክ ከገበሩ በኋላ የውስጥ አስተዳደራቸውን እንደ ያዙ ቆይተው፣ እርሳቸው ሲያርፉ ልጃቸው ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት ደጃዝማች፣ ተተክተው ከ30 ዓመት በላይ ገዝተዋል፤ በዚያም ዘመን የነቀምት ገበያ ወርቁንና የዝሆን ጥርሱን፣ ዝባዱን፣ ማሩንና ቡናውን ከየአቅጣጫው ይስብ ነበር። ሲራራው ነጋዴ ይህን ሁሉ በበቅሎና በአህያ ጭኖ አዲስ አበባ እስኪደርስ ሳምንታት ያልፉ ነበርና፣ ስንቁ በሶና ቆሎ፣ ማደሪያውም የሰፈረበት ሜዳ ነበረ፤ ስንቁ ያለቀበት ወይም ዝናም የያዘው እንደ ሆነ ግን በአቅራቢያው ካለ ቤት ደጃፍ ቆሞ የመሸበት የእግዜር እንግዳ መሆኑን ይናገራል። እንዲህ ያለውን ሰው መመለስ በአማራውም በኦሮሞውም ዘንድ ነውር ስለ ነበረ፣ ምግብ በጎዳና ዳር ለመንገደኛ መሸጡ በዚያ ዘመን ብዙም አይታወቅም ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የምዕራብ ወለጋ ቡና ደግሞ ፊቱን ከአዲስ አበባ ይልቅ ወደ ባሮ ወንዝ ያዞረ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ፣ ከሰዮና ከአካባቢው የሚወርደው ቡና በሰውና በከብት ጀርባ እስከ ወንዙ ይደርስና፣ ውኃው በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ በሚመላለሱት መርከቦች ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው፣ በኋላ የመጣው የመኪና መንገድ የሰውን ድካም ከመቀነሱም በላይ የአገሩን ፊት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እንዳዞረ አንባቢው እንዲረዳ ነው።

አውቶሞቢል አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ በብዙ መከራ ነድቶ ያመጣውን መኪና ዐፄ ምኒልክ በደስታ እንደ ተቀበሉ ይታወቃል። ንጉሠ ነገሥቱ ቀደም ብለው መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ስለ ነበር ወደዚያች ከተማ መንገድ አሠርተው ነበር፤ የዛሬውም የነቀምት ጎዳና የመጀመሪያው ክፍል በዚሁ አቅጣጫ የሚሄድ ነው። ከአዲስ ዓለም ወዲያ ያለው ግን ለብዙ ዘመን የበቅሎ መንገድ ሆኖ ቀረ።

ደጃዝማች ኩምሳ በነቀምት ገና በበቅሎ ሲቀመጡ፣ ከባሕር ማዶ በአሜሪካ አገር ነገሩ ሌላ ነበር። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. ጄሲ ከርቢ የተባለ ነጋዴ ሮይበን ጃክሰን ከተባለ ሐኪም ጋር ተባብሮ፣ በቴክሳስ ክፍለ ሀገር ከዳላስ ወደ ፎርት ዎርዝ በሚወስደው መንገድ ዳር ፒግ ስታንድ የተባለውን ምግብ ቤት ከፈተ፤ አሳቡም ባለ መኪና የሆነ ሰው ለመብል ስንኳ ከመኪናው መውረድ ስለሚታክተው ምግቡ ወደ እርሱ ይሂድ የሚል ነበር። የሚያስተናግዱት ወጣቶች መኪናው ገና ሳይቆም በጎኑ ባለው መወጣጫ ላይ ዘለው እየወጡ ትእዛዝ ይቀበሉ፣ ምግቡንም በዚያው ፍጥነት ያመጡ ነበር። የሚሸጠው የአሳማ ሥጋ ነበርና በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን በተዘጋ ነበር፤ አሳቡ ግን ተወዶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሌሎችም ክፍለ ሀገሮች ተዛመተ። ባለ መኪናው ክላክስ ይነፋል ወይም መብራት ያበራል፤ አስተናጋጁ ይሮጣል፤ ሳሕኑ በመስኮቱ መስታወት ላይ በሚንጠለጠል ትሪ ይቀርባል፤ ባለ መኪናው ሲጨርስ አስተናጋጁ ተመልሶ ትሪውን ይወስዳል። ከዚያም ሴቶች ልጆች ደንበኛ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ አንዳንዶቹም በእግራቸው መንኰራኵር ያለው ጫማ አድርገው ያስተናግዱ ጀመር። ዛሬ በዚያ አገር ሽማግሌዎች ዘንድ በናፍቆት የሚወሳው ይህ ነው።

የነቀምት ሕዝብ ከፋሺስት ኢጣልያ ሞተር ጋር ያደረገው ግንኙነት ግን በመብልና በመጠጥ የጀመረ አልነበረም። በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. የጠላት አውሮፕላኖች የጦር መኮንኖችን ይዘው ከነቀምት ብዙ በማይርቀው በቦነያ ሜዳ ባረፉ ጊዜ፣ የጥቁር አንበሳ ማኅበር አርበኞች በሌሊት ደርሰው ጄኔራል ማሊዮኮንና አብረውት የነበሩትን ገድለው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ከሞት የተረፈው አንድ ቄስ ብቻ ነበር። ጠላት ከጥቂት ወራት በኋላ አገሩን ሲይዝ፣ ሠራዊቱንና ስንቁን ለማመላለስ ከአዲስ አበባ በየአቅጣጫው ካስጠረጋቸው መንገዶች አንዱ ወደ ነቀምት የሚሄደው ነበር። ለማን ጥቅም እንደ ተሠራ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በ1933 ዓ.ም. ጠላት ተባርሮ ሲወጣ መንገዱም፣ ከመኪናዎቹም ብዙዎቹ፣ በሕዝብ አፍ ትሬንታ ኳትሮ የተባለው ፊያት 634 ጭምር፣ በአገር ውስጥ ቀሩ። ከእነርሱ ጋር ሞተር መፍታትና መግጠም የተማሩ ወጣቶች፣ በየመንገዱ ዳርም ፓስታና ቡና የሚያቀርቡ ትንንሽ ቤቶች ቀርተው ነበር።

እንግዲህ ትረካችን የሚበረታው ከዚህ በኋላ ነው። ከነጻነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ ወለጋ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳፈረው በጭነት መኪና ነበር፤ ሲሄድ በጨውና በአቡጀዲ ላይ፣ ሲመለስ በቡና ጆንያ ላይ ይቀመጣል፤ ከሾፌሩ ጎን ያለው ቦታ ለቄስ፣ ለሹም ወይም ለነፍሰ ጡር ይሰጣል። መኪናው ዳገት ላይ ከእግረኛ እምብዛም አይፈጥንም፤ በክረምትም ጎማው በጭቃ ተውጦ ሲቆም፣ ረዳቱ በአካፋና በድንጋይ ሲታገል፣ ተሳፋሪው ወርዶ ሲገፋ፣ አንዳንዴ ቀኑ ይመሽና እዚያው ይታደራል። የአካባቢው ባላገር በመጀመሪያ ጊዜ ወደ መኪናው የወጣው ምናልባት ለመመልከት ነበር፤ ቀጥሎ እንደ ልማዱ ውኃና ቆሎ ይዞ ለመርዳት ወጣ፤ ተሳፋሪው ገንዘብ ሲዘረጋ ደግሞ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ለመሸጥ ወጣ። ሥጦታ ወደ ሽያጭ የተለወጠበትን ቀን የጻፈ ማንም የለም፤ ይሁን እንጂ ለውጡ የተወለደው በጭቃውና በዳገቱ፣ ማለት መኪናው ለመቆም በተገደደበት ቦታ ሁሉ እንደ ነበር፣ ዛሬም የእነዚያ ገበያዎች አቀማመጥ ይመሰክራል፤ ሁሉም ከዳገት ራስ፣ ከድልድይ አፍ፣ ከኬላ ወይም ከመታጠፊያ ላይ ናቸውና።

በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ የተፈቀደው 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ለባለሥልጣኑ መነሻ ሆነ፤ የአሜሪካ የመንገድ መሐንዲሶችም መጥተው ከኢትዮጵያውያን ጋር ሠሩ። አሜሪካውያን በአገራቸው ለባለ መኪና ምግብ በመስኮት የማቅረብን ልማድ ባስፋፉበት ዘመን፣ ባለሙያዎቻቸው በእኛ አገር ያንኑ ልማድ የሚወልድ መንገድ ሲሠሩ መገኘታቸው የሚያስደንቅ ነው፤ ምንም እንኳ አንዱ ስለ ሌላው ያሰበበት ምልክት ባይኖርም። መንገዱ ጠጠር ሲለብስ አውቶቡስ መጣ፤ አውቶቡስ ሲመጣ የጊዜ ሰሌዳ፣ የጊዜ ሰሌዳ ሲመጣም የሚታወቅ የቁርስና የምሳ ቦታ መጣ።

ያንን የ330 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ የሚያውቅ ሰው መንገዱን በሚበላው ነገር ይቈጥረው ነበር። በሌሊት ከአዲስ አበባ የተነሣው አውቶቡስ ሆለታን በብርድ አልፎ፣ አዲስ ዓለምንና ግንጪን ተሻግሮ፣ ያን ጊዜ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦ ሲቆም፣ ልጆች የአምቦን ውኃ በጠርሙስ ይዘው መስኮቱን ይከብቡ ነበር። ይህ ውኃ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ እየተሞላ የሚሸጥ የታወቀ የማዕድን ውኃ ነው። ጠርሙሱ ተመላሽ ስለ ነበረ ሻጩ ውኃውን አቀብሎ መሄድ አይችልም፤ ገዢው ጠጥቶ እስኪጨርስ ከመስኮቱ በታች አንጋጦ ይጠብቃል፣ አውቶቡሱ ከተነሣም ከጎኑ እየሮጠ ጠርሙሱን ይቀበላል። አሜሪካዊው አስተናጋጅ ትሪውን እንደሚጠብቅ የእኛም ልጅ ጠርሙሱን ይጠብቅ ነበር፤ ልዩነቱ ትሪው የምግብ ቤቱ ሲሆን ጠርሙሱ ቢጠፋ ዕዳው በልጁ ላይ መሆኑ ነው።

ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ጉደር በወንዟና በስሟ በሚጠራው ወይን ጠጅ የታወቀች ናት፤ ነገር ግን ለመንገደኛው ዋናው ነገር ከጉደር በኋላ የሚመጣው የጌዶ ደጋ ነበር። በዚያ ብርድ ሰው የሚፈልገው ትኩስ ነገር ብቻ ነው፤ ሻይ በብርጭቆ፣ የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር፣ የተቀቀለ እንቁላልም ጨው በወረቀት ተጠቅልሎለት ወደ መስኮቱ ይመጣል። ከጌዶ ቁልቁል ወርዶ ወደ ባኮ ሲደረስ አየሩ ይሞቃል፣ ሸቀጡም አብሮ ይለወጣል፤ ባኮ ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቆላማ ሥፍራ ያለች፣ የበቆሎ አገር ናትና፣ በወቅቱ እሸቱ በየከሰሉ ላይ ሲጠበስ ሽታው አውቶቡሱን ቀድሞ ይቀበላል፤ ማንጎው፣ ሙዙና ሸንኮራውም በቅርጫት ሆኖ በራስ ላይ ይመጣል። ከዚያ በሲሬ በኩል ዳገቱ ተወጥቶ ነቀምት ሲደረስ ግን የመስኮቱ ነገር ያበቃና መንገደኛው ከነሻንጣው ወርዶ በቤት ውስጥ ይስተናገዳል። የወለጋ እናቶች እውነተኛ ሙያ ከዚህ ላይ ነው፤ አንጮቴ የተባለው ሥራ ሥር በመስቀል ሰሞን ከቅቤ ጋር ሲቀርብ፣ በጤፍ ተጋግሮ በቅቤና በእርጎ የሚበላው ጩምቦ በገበታ ሲወጣ፣ ይህ በመስኮት የሚቀበሉት ነገር አይደለም፤ ተቀምጦና እጅ ታጥቦ የሚበላ ነው። እንደ ኑኑ ቁምባ ካሉት ከአውራ ጎዳናው ገባ ካሉ የገጠር ወረዳዎች የመጣ ባላገርም ማሩንና ቡናውን ለገበያ ያደረሰው በበቅሎና በእግሩ ነበርና፣ የጎዳናው ሥርዓት ለእርሱ እንደ ትዕይንት ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የተሰወረ ሕግ ነበር፤ እርሱም ከምሳ ጋር የተያያዘ ነው። አውቶቡሱ ከየትኛው ሆቴል ደጃፍ እንደሚቆም የሚወስነው ሾፌሩ ስለ ነበር፣ ባለ ሆቴሏ ሾፌሩንና ረዳቱን በነጻ፣ ያውም ከሌላው በተሻለ ምግብ ታስተናግዳቸው ነበር፤ የሁለቱን ምሳ በእርግጥ የሚከፍሉት ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ናቸው። ሾፌሩ ወደ ከተማው ሲገባ ክላክስ ሲነፋ፣ በኩሽና ያሉት እንጀራውን ይዘረጋሉ፣ አሳላፊዎቹም እስከ አውቶቡሱ በር ወጥተው፣ «ጌቶች፣ እሜቴ፣ የጾም ነው የፍስክ?» እያሉ ይቀበላሉ። በዐቢይ ጾምና በረቡዕ በዓርብ ሽሮውና ምስሩ፣ በፍስክ ጊዜ ጥብሱና ቅቅሉ፣ ተሳፋሪው ለፍቶ መግባት ሳያሻው ይቀርብለታል። ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በወለጋ እየሰፋች ስትሄድ በአንዱ አውቶቡስ ውስጥ የሚጾምና የማይጾም ጎን ለጎን መቀመጡ የተለመደ ሆነ፤ አሳላፊዎቹም ይህን በቶሎ ለይቶ ማወቅን እንደ ሙያ ያዙት። እነዚህ አሳላፊዎችና ከመስኮት በታች የሚሮጡት ልጆች ደመወዛቸው ኢምንት ወይም ምንም ነበር፤ የሚኖሩት በሚተርፍላቸው ሳንቲም ነው። በአሜሪካም ብዙዎቹ የመኪና አስተናጋጆች የሚኖሩት በጉርሻ ብቻ እንደ ነበር ሲታወስ፣ በሁለቱም አገር ባለ መኪናው የተመቸው በሚሮጠው ሰው ድህነት እንደ ነበር መካድ አይቻልም። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ ሀገሮች ደግሞ ጥቁሮች በዘር ልዩነት ሕግና ልማድ ከብዙዎቹ ምግብ ቤቶች ይከለከሉ ስለ ነበር፣ የዚያ አገር ናፍቆት ሁሉም በእኩልነት የሚካፈለው አይደለም።

በ1955 ዓ.ም. መባቻ የሰላም ጓድ የተባሉት አሜሪካውያን ወጣቶች፣ ቍጥራቸው ወደ 280 የሚጠጋ፣ ኢትዮጵያ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። እነዚህ ወጣቶች በመኪናቸው ተቀምጠው ሀምበርገር ማዘዝን እንደ ተፈጥሮ ነገር የሚያውቁ ነበሩ፤ ወደየጠቅላይ ግዛቱ ሲጓዙ ግን የሚጠብቃቸው በአውቶቡስ መስኮት የሚቀርብ እሸትና እንቁላል ነው። በኋላ አሜሪካን ግራፊቲ የተባለው፣ በ1973 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር የወጣው ፊልም፣ የዚያን የምግብ ቤትና የወጣትነት ዘመን ናፍቆት በመላው ዓለም ሲያሰማ፣ የመረጠው ጊዜ ልክ እነርሱ ወደ እኛ የመጡበትን፣ በዚያው አቆጣጠር የ1962ን በጋ መሆኑ ግሩም አጋጣሚ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ያ የአሜሪካ ሥርዓት በዚያን ጊዜ በውስጡ መፍረስ ጀምሮ ነበር። በካሊፎርኒያ በሳን በርናርዲኖ ከተማ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1940 የተከፈተው የማክዶናልድ ወንድማማች ምግብ ቤት እንደ ሌሎቹ ለባለ መኪና ያስተናግድ ነበር፤ በ1948 ግን ወንድማማቹ ቤቱን ለጥቂት ወራት ዘግተው 20ውን አስተናጋጆች አሰናበቱ፣ የምግቡን ዝርዝር ከ25 ወደ 9 ቀነሱ፣ ሲከፍቱትም ደንበኛው ራሱ ወርዶ ተሰልፎ በ15 ሳንቲም ሀምበርገር እንዲገዛ አደረጉ። ያሰቡት ትርፍ የመጣው ከፍጥነት ነበር፤ የሚሮጠው ሰው ከመካከል ሲወጣ ምግቡ ረከሰ። በ1956 የወጣው ታላቁ የፌዴራል አውራ ጎዳና ሕግም ባለ መኪናውን ከየከተማው መካከል አውጥቶ በሩቁ እንዲያልፍ አደረገው። በዚህ ሁሉ መካከል በ1953 በኦክላሆማ የተጀመረው፣ በኋላም ሶኒክ የተባለው ድርጅት ብቻ ነው አስተናጋጆቹን በሰፊው ይዞ እስከ ዛሬ የዘለቀው።

በአገራችን በየካቲት 1966 ዓ.ም. በዓለም ላይ የነዳጅ ዋጋ በናረበት ጊዜ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ ይህም ለአብዮቱ መቀስቀስ አንዱ ምክንያት ሆነ። ያው የነዳጅ መወደድ በአሜሪካ ያለ አሳብ በመኪና መንሸራሸርን ሲያዳክም፣ በእኛ አገር ዘውድን የሚያህል ነገር ለመገልበጥ አስተዋፅዖ አደረገ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ በጎዳናው ዳር ያሉ ብዙ ቤቶች ከባለቤቶቻቸው እጅ ወጡ፤ ነዳጅም በራሽን ሆነ። ጎዳናው ግን በሌላ መንገድ ተሞላ፤ ይኸውም በኬላ ነው። መንግሥት እህሉና ቡናው በድርጅቶቹ በኩል እንዲሸጥ ስላዘዘ፣ ቡና ደብቆ የሚያልፍ እንዳይኖር አውቶቡሱ በየኬላው ቆሞ ይፈተሽ ነበር፤ ተሳፋሪው ወርዶ ሻንጣው እስኪበረበር የሚያልፈው ጊዜ ለሻጮቹ መልካም ገበያ ሆነ። ጭቃ የወለደውን ንግድ ቢሮክራሲ አሳደገው ማለት ይቻላል። በዚሁ ጎዳና በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ከተጎዱት ከወሎና ከትግራይ የተነሡ ወገኖች በመንግሥት ውሳኔ በወለጋ እንዲሰፍሩ በመኪና ተጭነው አልፈዋል፤ እነርሱ በመስኮት የሚገዙበት ገንዘብ አልነበራቸውም።

በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የእህሉ ኬላ ተነሣ፤ በሚቀጥለው ዓመትም መንግሥት ተለወጠ። ከዚያ በኋላ በጎዳናው ላይ አይሱዙና ሚኒባስ በዙ፤ ሃይላንድ የተባለው የታሸገ ውኃ በመጣ ጊዜም አዲስ ነገር ታየ፤ በመንገድ ዳር ያሉ የገጠር ልጆች ሊሸጡ ሳይሆን ባዶውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ሊቀበሉ፣ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ከመኪናው ጋር መሮጥ ጀመሩ። በአምቦ ጠርሙሱን ለመመለስ ይሮጥ የነበረው ልጅ፣ አሁን እንዲጣልለት ይሮጣል፤ እንስራ ለመሸከም የማይመቸው ልጅ በዚያ ዕቃ ውኃ ይዞ ትምህርት ቤት ይሄድበታል።

ከጊዜ በኋላ አስፋልቱ ጌዶን አልፎ ነቀምት ደረሰ። ቀን ሙሉ ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ ግማሽ ቀን ወረደና፣ በጌዶ ሻይ፣ በባኮ እሸት እያሉ መቆም ጊዜ ማባከን ተባለ። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከመላው አገር ወደ ነቀምት አመጣና ጎዳናውን ለጥቂት ዓመታት ቢያደምቀውም፣ መናኸሪያዎቹ በግንብ ታጠሩ፤ ሻጮች እንዳይገቡ ዘበኛ ቆመባቸው፤ አዳዲሶቹ አውቶቡሶችም መስኮታቸው የማይከፈት ሆነ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በወለጋ የደረሰው የጸጥታ መታወክ በዚያ ጎዳና የሚጓዘውን ሰው አሳነሰው፤ ከመሸ በኋላ መቆም የማይታሰብ ሆነ። ከሁሉ የሚያሳዝነው የኋለኛው ነው፤ መንገደኛና ባላገር ከመስኮት ላይ ሲገናኙ የሚያስፈልጋቸው መጀመሪያ እርስ በርስ አለመፈራራት ነውና።

ነገሩ ፈጽሞ ጠፋ ማለት ግን አይደለም። በአዲስ አበባ ባለ መኪናዎች ከካፌ ደጃፍ ቆመው መብራት ሲያበሩ አሳላፊው ማኪያቶውን በትሪ ይዞ እስከ መኪናው ይወጣል፤ ማንም ከአሜሪካ እንደ ተማረው አይናገርም፣ እንደ ተለመደ ነገር ይደረጋል እንጂ። በባኮ አካባቢም እሸቱ በደረሰበት ሰሞን ከሰሉ ከመንገዱ ዳር አይጠፋም።

በዚህ ላይ የራሴን ፍርድ ልናገር። ያለፈውን ዘመን የሚናፍቁ ሰዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከአውቶቡሱ ጎን ይሮጥ የነበረው ልጅ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት መሆን ይገባው እንደ ነበር፣ ከጎማ ሥር የወደቀም መኖሩን ነው። የምናዝንለት ለልጁ ሩጫ ሳይሆን ለአውቶቡሱ መቆም ነው፤ አውቶቡሱ ሲቆም የሚመጡት ሁሉ፣ ንግዱም፣ ወሬውም፣ መተዋወቁም፣ ከመቆሙ የተነሣ ነበሩና። ስለዚህ ለአምቦ፣ ለጉደር፣ ለጌዶ፣ ለባኮና ለነቀምት ከተሞች አስተዳዳሪዎች የምለምነው ይህ ነው፤ የአውራ ጎዳናው መንገድ ሲታደስና ከከተማ ውጭ የሚያልፍ መንገድ ሲነደፍ፣ ከጎኑ አውቶቡስ ያለ አደጋ የሚቆምበት ሰፊ ሥፍራ፣ ለሚሸጡት እናቶች ጣሪያ ያለው መቀመጫ፣ ለተሳፋሪውም ውኃና መጸዳጃ በንድፉ ውስጥ ይግባ፤ ሻጮቹም እንደ አስቸጋሪ ሳይሆን እንደ ነጋዴ ተመዝግበው ቦታ ይሰጣቸው።